የዜግነት ውሳኔ ሲዘገይ የኮንግረስ አባልን ማነጋገር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የዜግነት ኢንተርቪው አድርጌ ፈተናውን ካለፍኩ ሰባት ወር ሆነኝ፤ ውሳኔ ግን የለም። የኮንግረስ አባሌን በአካል ባነጋግር ይጠቅመኛል? ገና መምረጥ አልችልም። ስሄድ ቡና በስጦታ ብወስድስ? ኢሚግሬሽን ቂም ይይዝብኝ ይሆን?

መልስ፦ ይሂዱ። የአባሉ ቢሮ የሚያየው በምርጫ ወረዳው ውስጥ መኖርዎን እንጂ መራጭነትዎን አይደለም፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። አንድ የታችኛው ምክር ቤት ተወካይና ሁለት ሴናተሮች አሉዎት። ተወካይዎ ማን እንደሆነ ከጎረቤት በሰሙት ስም ብቻ አይመኑ፤ የወረዳ ድንበር ሰፈር መሃል ሊያልፍ ስለሚችል በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድዎን፣ ከተጠየቁም ሙሉ አድራሻዎን አስገብተው ያረጋግጡ። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ። ለሦስቱም ባንድ ጊዜ ማመልከት ነገሩን አያፋጥንም፤ ቢሮዎቹም ሌላ ቦታ አመልክተው እንደሆነ ይጠይቁዎታል።

የሚያገኙት ሰው ግን አባሉ ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ በወረዳው ቢሮ የሚቀበልዎት የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ ነው። ቅር አይበልዎ፤ የዜግነት ማመልከቻዎን ለያዘው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) የሚጽፈው እሱ ነው። አባሉን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቢያገኟቸውም ወደዚሁ ሠራተኛ ነው የሚመሩዎት። ስለዚህ አስቀድመው ደውለው ቀጠሮ ይያዙ፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አዋቂ አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ እንጂ ልጅዎን አያስተርጉሙ።

ዋናው ወረቀት የመረጃ መልቀቂያ ፈቃድ ነው። ያለ እሱ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፋይልዎ ለቢሮው አይናገርም። ቅጹ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ የሚፈርሙት አመልካቹ እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ባለቤትዎ ሊፈርሙልዎ አይችሉም። ፊርማው ወይ በኖታሪ ፊት ወይም ሐሰት ቢገኝ በሕግ እንደሚያስጠይቅ የሚገልጸው ቃል ሥር መሆን አለበት። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከለው በስም ነው፦ የአባትና የአያት ስም ተገለባብጦ ወይም በሌላ ፊደላት ይጻፋል። ልክ በዜግነት ማመልከቻዎ (ኤን-400) ደረሰኝ ላይ እንደታተመው ይጻፉ፤ የልደት ቀንም እንዲሁ። ኤ-ቁጥርዎን (ግሪን ካርድዎ ላይ ያለውን የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር) እና የደረሰኝ ቁጥሩን ይጨምሩ። ከዚህ ጋር የደረሰኙን ቅጂ፣ በኢንተርቪው ቀን የተሰጠዎትን ውጤት መግለጫ (ኤን-652) እና ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የቀናት ዝርዝር ያያይዙ፦ መቼ አመለከቱ፣ መቼ ኢንተርቪው አደረጉ፣ ተጨማሪ ሰነድ ተጠይቀው ከሆነ መቼ መለሱ፣ በራስዎ መቼ ጠይቀው ምን ተባሉ። የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም።

ቢሮው ማድረግ የሚችለው ጉዳዩ የት እንደደረሰ መጠየቅና መልሱን ለእርስዎ ማስተላለፍ ነው። «አጽድቁለት» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ጠበቃዎም አይደለም። ለጠበቃ የሚነግሩት በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው፣ ለቢሮው ሠራተኛ የሚነግሩት ግን እንደዚያ አይደለም። ከአገር ውጭ ረጅም ቆይታ፣ ያልተከፈለ ግብር፣ እስር፣ ወይም ከድሮው የጥገኝነት ማመልከቻዎ ጋር የማይገጥም ነገር ካለ መጀመሪያ ፋይሉን ለጠበቃ ያሳዩ። ጥያቄ ማቅረብ በራሱ ለእምቢታ ምክንያት አይሆንም፤ ነገር ግን የተኛ ፋይል ሲነሳ ውሳኔው እምቢታ ሊሆንም ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ሕጉ ከኢንተርቪው በኋላ በ120 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይላል፤ እርስዎ ይህን አልፈዋል። ስለዚህ በፌዴራሉ ሕግ ርዕስ 8፣ አንቀጽ 1447(ለ) (በእንግሊዝኛ 1447(b)) መሠረት ለሜሪላንድ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ። ሜሪላንድን የሚሸፍነው የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 እንደወሰነው፣ ክሱ ከቀረበ በኋላ የመወሰን ሥልጣኑ የፍርድ ቤቱ ብቻ ይሆናል፤ ዳኛው ወይ ራሱ ይወስናል ወይም ከመመሪያ ጋር ለመሥሪያ ቤቱ ይመልሰዋል። ክስ ደግሞ ገንዘብና ጠበቃ ይጠይቃል። ስለዚህ የኮንግረሱን መንገድ መጀመሪያ መሞከር ተገቢ ነው፣ ግን ያለ ገደብ አይጠብቁ። ለቢሮው የተመለሰለት «ገና በምርመራ ላይ ነው» የሚል ብቻ ከሆነና አንድ ሁለት ወር ካለፈ፣ ያንን ደብዳቤ ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።

ቡናውን ቤትዎ ይጠጡት። ከተጠየቀ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ስጦታ ሠራተኛውን ከሥነ ምግባር ደንብ ጋር ያጋጫል፤ እንደ ጉቦ ከታየ ደግሞ ወንጀል ነው፣ ያኔ የዜግነት ማመልከቻዎም ይበላሻል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለምርጫ ዘመቻ በሕግ ማዋጣት ቢችልም ያንን ገንዘብ ወደ ቢሮው ይዘው አይግቡ፣ ከጉዳይዎ ጋርም አያንሱት። ለሠራተኛው የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ግን ይችላሉ።