«ደራሲዋ ሸወደችኝ» እና ሌሎች የአንባቢ አቤቱታዎች

የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ግማሾቹ ስለ ወንጀል ልቦለድ፣ ግማሾቹ ደግሞ «ቁም ነገር አለው» ስለሚባለው ልቦለድ ናቸው። ደርድሬ ሳነባቸው ግን አብዛኞቹ አንድ አቤቱታ ሆኑብኝ፦ ተራኪው የደበቀን ነገር አለ! ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ የአጋታ ክሪስቲን «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ትናንት ማታ ጨረስኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ በንዴት ወረወርኩት። እንዲህ ያለ ሽወዳ ይፈቀዳል እንዴ?

መልስ፦ መጀመሪያ መጽሐፉን ከወደቀበት ያንሡት። (ያላነበባችሁት ይህን መልስ ዝለሉት፤ ኋላ እንዳታማርሩኝ።) መጽሐፉ በ1926 ከወጣ ከ3 ዓመት በኋላ ሮናልድ ኖክስ የሚባል ቄስ፣ ራሱም የወንጀል ልቦለድ የሚጽፍ፣ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት 10 ሕግ አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ሕግ እርስዎን የሚደግፍ ነው። ወንጀለኛው ገና ከጅምሩ መጠቀስ አለበት፤ ነገር ግን አንባቢው ሐሳቡን ሲከታተል የቆየው ሰው መሆን የለበትም ይላል። እዚህ ግን ገዳዩ ታሪኩን የሚተርክልን ሰው ራሱ ነው፤ በዚህ ከሄድን ክሪስቲ አለቀላት።

እኔ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። የግድያውን ምሽት የሚተርከውን ምዕራፍ እንደገና ይግለጡት። ለሟቹ ደብዳቤዎች የመጡለት ከምሽቱ 2፡40 ላይ ነው። ተራኪው ክፍሉን ለቆ የወጣው 2፡50 ገደማ። በመሃል 10 ደቂቃ አለ። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ምን ሆነ? ጭጭ! የበሩን እጀታ ይዞ ወደ ኋላ ዞር ይልና፣ ሳልሠራው የቀረ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ያመነታል፤ በቃ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው «ምን ዓይነት ጥንቁቅ ሰው ነው!» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ሳስበው በራሴ እሥቃለሁ። ሰውዬው እኮ አልዋሸንም። ሰዓቱን ቁልጭ አድርጎ ነግሮናል። መቀነስ ያቃተን እኛ ነን።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሜ ነው የማነበው። ባለቤቴ «መጽሐፍ ገዳይ» እያለች ትቀልድብኛለች። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ጋር እንዳያጣሉኝ እንጂ ጥፋት አይመስለኝም። የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ይውሰዱ፤ በ1866 የወጣ ነው። ከስድስቱ ክፍሎች አንደኛው ሲያልቅ ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን በመጥረቢያ ገድሏታል። የቀሩት አምስት ክፍሎች ገዳዩ ማን ነው የሚል ጥያቄ የለባቸውም፤ ይህን ነገር ተሸክሞ እስከ መቼ ይዘልቃል ነው ጉዳዩ።

እኔን ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ መጥረቢያው ሳይሆን ቋጠሮው ነው። አሮጊቷ በመያዣ ገንዘብ የምታበድር ናት። ራስኮልኒኮቭ አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ስስ ብረት ደርቦ ክብደት እንዲኖረው ያደርግና፣ የብር ሲጋራ መያዣ ነው ብሎ ሊሰጣት በወረቀት ይጠቀልለዋል። ከዚያ በክር ያስረዋል። ቋጠሮውን ሆን ብሎ ነው የሚያጠብቀው፤ እሱን ስትፈታ ልቧ እዚያ ላይ እንዲሆን። እንዳሰበውም ይሆንለታል። ጀርባዋን ሰጥታው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ፣ ከክሩ ጋር ትታገላለች። ማን እንደሚሞት አውቃለሁ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያም ሆኖ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ «ተዪው፣ አትፍቺው» ማለቴ አይቀርም። መጨረሻውን ማወቅዎ ይህን ምን ያደርገዋል? ክሪስቲን ግን እባክዎ ከፊት ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የሩሲያ ልቦለድ ስጀምር ስሞቹ ይምታቱብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕልባቱ ላይ ጻፋቸው። ሮድያ፣ ሮዲዮን ሮማኖቪች፣ ራስኮልኒኮቭ፤ ሦስቱም አንድ ሰው ነው። እናቱ በመጀመሪያው ትጠራዋለች፣ መርማሪው በሁለተኛው። እኔም ድሮ ሦስት ሰው መስሎኝ ነበር።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሰው ሁሉ ሲያወድሰው ሰምቼ የካዙኦ ኢሺጉሮን «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» ጀመርኩ። 60 ገጽ ሄድኩ፤ ምንም ነገር አልተፈጠረም። አንድ አሽከር ስለ ሥራው ክብር ይለፈልፋል። እኔ ነኝ ያልገባኝ?

መልስ፦ ገብቶሻል፤ ብቻ ትንሽ ቀድመሽ አቆምሽ። ይህ በ1989 የቡከር ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ለእኔ የወንጀል ልቦለድ ነው ብል ይሥቁብኝ ይሆናል። ተራኪው ስቲቨንስ የአንድ ሎርድ ቤት አሽከሮች አለቃ ነው፤ እንግሊዞቹ በትለር የሚሉት። አንድ ምሽት ቤቱ በትልልቅ እንግዶች ተሞልቷል። አባቱ ፎቅ ላይ እያጣጣረ ነው። ስቲቨንስ ታች መጠጥ ይቀዳል። አንዱ እንግዳ ደህና ነህ ወይ ይለዋል። ቀጥሎ ጌታው ራሱ፣ የምታለቅስ ትመስላለህ ይለዋል። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ይጠርግና በሥራ ድካም ያሳብባል።

ልብ በይ፣ ስቲቨንስ «አለቀስኩ» ብሎ አልነገረንም። ማልቀሱን የሰማነው ከሌላ ሰው አፍ ነው። እንግዲህ ከ10 ደቂቃዋ ጋር አስተያዪው። ያኛው ተራኪ ከእኛ ይደብቃል፣ ይኼኛው ከራሱ። ወደ 61ኛው ገጽ ተመለሺ፤ የሚለውን ትተሽ የሚዘለውን ተከታተዪ።

ጥያቄ፦ የኡምቤርቶ ኤኮ «የጽጌረዳ ስም» የመጀመሪያዎቹ 100 ገጾች ገደሉኝ። ልዝለላቸው?

መልስ፦ ወዳጆቹም አሳጥራቸው ብለውት ነበር፤ እምቢ አለ። ገዳሙ ውስጥ 7 ቀን መኖር የሚፈልግ የገዳሙን አካሄድ ይልመድ ባይ ነው። ላቲኑን ይዝለሉት። እኔ የቤተ ክርስቲያኑን በር ቅርጻ ቅርጽ የሚዘረዝሩትን ገጾችም ዘልያለሁ፤ ኤኮ አልሰማም።

ጥያቄ፦ የሬይመንድ ቻንድለርን «ዘ ቢግ ስሊፕ» አነበብኩ። ሾፌሩን ማን ገደለው? ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግሁ።

መልስ፦ ደራሲውም አያውቅም። መጽሐፉ የ1939 ነው። በኋላ ፊልሙን ሲሠሩ ግራ ቢገባቸው በቴሌግራም ጠየቁት። እኔም አላውቅም አለ፤ ይህን ራሱ በደብዳቤ ጽፎታል። እርስዎ ሁለት ጊዜ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ነው የፈለግሁት።