ቫይረስን ማን ይገጣጥመዋል? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ዊልያም ጌልባርት ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። ጌልባርት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤ፣ የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ናቸው። የኋለኛ ሥራቸው በሙሉ ቫይረስ ላይ ነው፤ በተለይም ቫይረስ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚገጣጥም ያጠናሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ፊዚካል ኬሚስትሪ ማስተማር እንጀራዬ ስለሆነ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ቫይረስ የባዮሎጂ ሰዎች ሥራ አይደለም እንዴ? ኬሚስት እዚያ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። የሰውዬውን መንገድ ብታየው መልሱን ታገኘዋለህ። ጌልባርት በ1970 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲይዙ ሥራቸው ቲዮሪ ነበር። ትንንሽ ሞለኪውሎች ብርሃን ሲውጡ ጉልበቱ የት ይገባል የሚለውን ያሰሉ ነበር። ከዚያ ወደ ፈሳሽ ክሪስታልና ወደ ሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ዞሩ። የሳሙና ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው ይሰባሰቡና ሚሴል የሚባል ጥቃቅን ኳስ ይሠራሉ። ለምን ኳስ ሆነ? መቼ ነው ዘንግ የሚሆነው? ስንት ሞለኪውል ሲገባ ይቆማል? ከኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው አቪኖአም ቤን-ሻውል ጋር ዓመታት የፈጁት በእንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ቫይረስ ላይ መጡ። ስንት ፕሮቲን፣ በምን ቅርጽ፣ በምን ኃይል? እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልኩን ቲዮሪ የሠራ፣ ስሙን ያስጠራ ሰው ላቦራቶሪ ገባ። ቻርልስ ኖብለር ከሚባሉ የሙከራ ሰው ጋር ሆነው ቫይረስ ማጥራት፣ ፕሮቲን መለየት፣ ጄል ማስኬድ (ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ እየነዱ መለየት) ጀመሩ። እንዲህ ያለ ድፍረት በሳይንስ ውስጥ ብዙ አይታይም።

ጥያቄ፦ «ራሱን በራሱ ይገጣጥማል» ሲባል ቃል በቃል ነው? በሴሉ ውስጥ የሚረዳው የለም?

መልስ፦ ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች ቃል በቃል ነው። በ1955 በርክሌይ ውስጥ ሃይንዝ ፍሬንክል-ኮንራትና ሮብሊ ዊልያምስ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ፈታተው ፕሮቲኑን ለብቻ፣ አር ኤን ኤውን (የቫይረሱን የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል) ለብቻ አስቀመጡ። መልሰው ሲቀላቅሏቸው ዘንግ የሚመስለው ቫይረስ እንደገና ተሠራ፤ ቅጠልም አሳመመ። ሴል የለም፣ ኢንዛይም የለም፣ ነዳጅ የሚሆን ኤቲፒ የለም። ያ ዘንግ 300 ናኖሜትር ይረዝማል፤ ከ2100 በላይ አንድ ዓይነት ፕሮቲኖችም አሉበት።

ጉልበቱ ከየት መጣ ካልሽኝ፣ ከምናውቃቸው ነገሮች ነው። ውሃ የማይወዱ የፕሮቲን ክፍሎች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። የፕሮቲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ የአር ኤን ኤውን ኔጋቲቭ ቻርጅ ይስባል። አር ኤን ኤውንና ፕሮቲኑን ከበው የነበሩ የጨው አየኖችና የውሃ ሞለኪውሎችም ተለቅቀው ይበተናሉ፤ ኢንትሮፒ (የመበታተን መጠን) ይጨምራል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የምናስተምረው ቴርሞዳይናሚክስ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጌልባርትና ኖብለር ይህን በምን አሳዩ? እስቲ ሙከራውን እንደምናይ አድርገህ ንገረን።

መልስ፦ ደስ ይለኛል። ብዙ የሠሩበት ቫይረስ ካውፒ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚያጠቃ ነው፤ ካውፒ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ፣ በምህጻሩ ሲሲኤምቪ ይባላል። ስፋቱ 28 ናኖሜትር፣ ቅርፊቱ (አር ኤን ኤውን የሚሸፍነው) 180 ፕሮቲን ነው። ሁሉም ፕሮቲኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ጄ. ቢ. ባንክሮፍት የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህ ቫይረስ ቱቦ ውስጥ ተፈትቶ እንደሚገጠም በ1960ዎቹ አሳይተው ነበር።

ፕሮቲኑ ብዙ ጨው ባለበት ባፈር (ፒኤቹ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ውስጥ ይቀመጣል። ጨው ሲበዛ ቻርጆቹ ስለሚሸፋፈኑ ፕሮቲኑና አር ኤን ኤው አይያያዙም። ሁለቱ ይቀላቀሉና ድብልቁ ጨው በሚያሳልፍ፣ ፕሮቲንና አር ኤን ኤ በማያሳልፍ የዳያሊሲስ ከረጢት ሆኖ ጨው የቀነሰበት ባፈር ውስጥ ይነከራል፤ ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ። ጨው ቀስ እያለ ይወጣል። ፕሮቲኖቹ አር ኤን ኤው ላይ ይለጠፋሉ። ቀጥሎ ፒኤቹ ወደ አሲድ ዝቅ ሲደረግ ፕሮቲን ለፕሮቲን የሚይዝበት ኃይል ይጠነክራል፤ ቅርፊቱም ይዘጋል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክብ ክብ ኳሶች ተደርድረዋል።

አሁን ቁጥሩን እይ። በ2012 ባወጡት ሥራ፣ አር ኤን ኤው አጭርም ይሁን ረጅም፣ ሙሉ በሙሉ እንዲታሸግ ለ1 ግራም አር ኤን ኤ 6 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ለምን 6? አንድ ኑክሊዮታይድ፣ ማለትም የአር ኤን ኤው ሰንሰለት አንድ ቀለበት፣ 330 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያህል ይመዝናል፤ አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ስድስት እጥፉ 2000 ዳልተን ገደማ ነው። ፕሮቲኑ 20,000 ዳልተን ያህል ሲሆን ጅራቱ ላይ 10 ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዟል። ለአንድ ቻርጅ 2000 ዳልተን ማለት ነው። አንድ ለአንድ ገጠመ! የተጠናቀቀው ቫይረስ ግን 4 እጥፍ ያህል ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው፤ የተረፈው ቅርፊቱ ሲዘጋ ውጪ ይቀራል። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ ስሠራ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል።

ጥያቄ፦ ቫይረሱ ሰው ይይዛል?

መልስ፦ አይይዝም። የዕፅዋት ቫይረስ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማንኛውንም አር ኤን ኤ ያሽጋል ማለት ነው? የራሱን እንዴት ይለያል?

መልስ፦ እሳት የሆነ ጥያቄ። ቱቦ ውስጥ ብዙ ዓይነት ያሽጋል፤ ፕሮቲኑ ሲያንስና አር ኤን ኤዎቹ ሲሻሙ ግን ምርጫ ይመጣል። በአንድ ሙከራ የሲሲኤምቪ ፕሮቲን የራሱን አር ኤን ኤ ትቶ የዘመዱን፣ የብሮም ሞዛይክ ቫይረስን አር ኤን ኤ አስቀደመ። ርዝመታቸው ይቀራረባል። ልዩነቱን ያመጣው የአር ኤን ኤው አጠቃላይ ቅርጽ ነው፤ እንዴት እንደታጠፈ፣ ምን ያህል እንደተሰበሰበ። በ2008 የወጣ ሌላ ሥራቸውም ክብ ቅርፊት ውስጥ የሚገቡ የቫይረስ አር ኤን ኤዎች በዘፈቀደ ከተደረደሩት ይልቅ የተሰበሰቡ መሆናቸውን በስሌት አሳይቷል። እኔ ከሁሉም ሥራቸው ይህን አስበልጣለሁ። ዘረ-መሉ የሚሸከመው ፕሮቲን የመሥሪያ ትእዛዝ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ መልኩና መጠኑም ተመርጧል።

ጥያቄ፦ ዲ ኤን ኤ ያላቸውስ? እነሱም እንደዚህ በሰላም ይገጣጠማሉ?

መልስ፦ የለም፣ እዚያ ታሪኩ ሌላ ነው። ላምዳ የተባለውን የባክቴሪያ ቫይረስ ውሰድ። ድርብ ዲ ኤን ኤው ግትር ነው፣ በቀላሉ አይታጠፍም። ቅርፊቱ 60 ናኖሜትር ገደማ፣ ዲ ኤን ኤው ደግሞ 16 ማይክሮሜትር። ሁሉን ሚሊዮን ጊዜ ብናሳድገው 16 ሜትር ሲባጎ አንዲት ብርቱካን ውስጥ እንደመጠቅጠቅ ነው። እዚህ በራሱ አይሆንም። መጀመሪያ ባዶ ቅርፊት ይሠራል፤ ከዚያ ኤቲፒ የሚበላ ሞተር ዲ ኤን ኤውን እየገፋ ያስገባዋል።

የጌልባርትና የኖብለር ቡድን በ2003 ግፊቱን የለካበት መንገድ ያምራል። ቫይረሱ ባክቴሪያ ላይ የሚይዘውን ፕሮቲን ለይተው ቱቦ ውስጥ ጨመሩ። ቫይረሱ ባክቴሪያ ያገኘ መስሎት ዲ ኤን ኤውን ይተፋል። ቱቦው ውስጥ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት ሞለኪውል) ካለ ግን ውሃ ወደ ራሱ ስለሚስብ ከውጭ ኦስሞቲክ ግፊት ይጫነዋል። የተተፋውን በኢንዛይም ቆርጠው፣ ቫይረሱን በሴንትሪፊዩጅ አስቀምጠው፣ ፈሳሹ ዲ ኤን ኤ የሚውጠውን 260 ናኖሜትር ብርሃን ምን ያህል እንደዋጠ አነበቡ። ፖሊመሩ ሲጨምር የሚወጣው ዲ ኤን ኤ ይቀንሳል። 20 አትሞስፌር አካባቢ ጨርሶ ቆመ። ውሃ ውስጥ 200 ሜትር ወርደህ የምታገኘው ግፊት ነው።

ጥያቄ፦ ኮሮናስ? እሱም ራሱን ነው የሚሠራው?

መልስ፦ በከፊል። የኮሮና አር ኤን ኤ ወደ 30,000 ኑክሊዮታይድ ነው። የውጪ ሽፋኑ ቅባት ሲሆን ከሴሉ ሽፋን የተወሰደ ነው፤ በሴሉ ውስጥ ብዙ አጋዥ አለው። ሳሙና ለምን እንደሚገድለው ግን የመጀመሪያው መልስ ላይ አለ፤ የሳሙና ሞለኪውሎች ቅባቱን እየገቡ ይበታትኑትና በሚሴል ይወስዱታል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ለበሽተኛ ምን ጠቀመ? ቅር እንዳይልህ።

መልስ፦ ኧረ ቅርም አይለኝ፣ እህቴ። ሌናካፓቪርን ተመልከቺ። የኤችአይቪን ቅርፊት የሚይዝ መድኃኒት ነው። ፕሮቲኖቹ ላይ ተጣብቆ ቅርፊቱ በትክክል እንዳይገጣጠም፣ የተገጣጠመውም በወጉ ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል። በዓመት ሁለት ጊዜ በመርፌ ይሰጣል። ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ በተደረገና በ2024 ውጤቱ በወጣ ሙከራ፣ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። መድኃኒቱ የጌልባርት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ቅርፊቱ በምን ኃይል እንደሚያዝ ሳይታወቅ እንዲህ ያለ መድኃኒት አይታሰብም። መሠረታዊ ምርምር ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን ነው የምነግረው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በእጄ የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስታትስቲካል ሜካኒክስ፣ የብዙ ሞለኪውሎችን ጠባይ በስሌት ከሚያጠናው ዘርፍ፣ ጀምሪ። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ቀጥሎ ላፕቶፕሽን ክፈቺ፤ ቪየና አር ኤን ኤ የሚባለው የአር ኤን ኤ አጣጣፍ የሚያሰላ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ የቫይረስ ቅርፊቶች መዋቅርም ፕሮቲን ዳታ ባንክ ላይ በነጻ አለ። የ2008ቱን ዓይነት ስሌት በእነዚህ መሞከር ይቻላል። ላብ ውስጥ የአጋሮስ ጄልና ዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር ካገኘሽ ብዙ ትሄጃለሽ። 260 እና 280 ናኖሜትር ላይ ያለውን ንባብ አነጻጽረሽ ምን ያህሉ አር ኤን ኤ፣ ምን ያህሉ ፕሮቲን እንደሆነ ትገምቻለሽ። አደራ ግን ጓንት አድርጊ፤ በእጃችን ቆዳ ላይ ያለው አርኤንኤዝ የተባለ ኢንዛይም የለፋሽበትን አር ኤን ኤ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።