ግራኝ ተኳሾች ስለ ሽጉጥ የጠየቃችሁኝ

እኔም ግራኝ ነኝ። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ እንደኛ ነው፣ ሽጉጥ ግን ዛሬም በአብዛኛው ለቀኝ እጅ ታስቦ ነው የሚሠራው። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ እዚህ የምለውን ማንኛውንም ነገር በመሣሪያችሁ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት ካዝናው (ጥይት የሚደረደርበት ዕቃ) ይውጣ፣ ጉሮሮው (ጥይቱ ለመተኮስ የሚገባበት ቦታ) በዓይንም በጣትም ይፈተሽ፣ ጥይቱም ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

«የካዝና መልቀቂያዋ ቁልፍ በግራ ጎን ናት፤ አውራ ጣቴ አይደርስባትም። ወደ ቀኝ ላዙራት?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳታዞራት ሞክራት። ሽጉጡን በግራ እጅህ ስትይዝ ጠቋሚ ጣትህ እዚያው ቁልፏ አጠገብ ነው ያለው፤ ከምላጩ አውጥተህ ትንሽ ወደ ኋላ ስትስበው ያገኛታል። ካዝና ስትቀይር ጣትህ ከምላጭ መራቁ ግዴታ ስለሆነ እንዲያውም ይሄ ጥሩ ልማድ ያስይዝሃል። ብዙ ግራኞች ከለመዱት በኋላ ማዞሩን ይተዉታል፤ እኔም ትቼዋለሁ።

ማዞር ያለብህ እጀታውን አጥብቀህ ስትይዝ እጅህ ቁልፏን ሳታስበው እየተጫናት ካዝናው የሚወድቅብህ ከሆነ ነው። ግሎክ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው አራተኛ ትውልድ ጀምሮ ቁልፏ ትዞራለች፣ የቤሬታ 92ኤፍኤስም እንደዚያው። ግን ካዝናዎችህን እያቸው! የድሮ የግሎክ ካዝናዎች ቁልፏ የምትይዝበት ቀዳዳ ያላቸው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ቁልፏን ካዞርክ በኋላ አይያዙም። ያሉህን ካዝናዎች በሙሉ ባዶአቸውን አንድ በአንድ አስገብተህ ጎትተህ ፈትሽ።

«1911 የሚባለው ሽጉጥ አለኝ፤ ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ምላስ) በግራ ጎን ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን የሚሠራውን ገዝቼ ራሴ ብገጥመውስ?»

ይግዙት፣ ግን እባክዎ ራስዎ አይግጠሙት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው እንዲሰማኝ ከልቤ እፈልጋለሁ። የ1911 ሴፍቲ ከሳጥን ወጥቶ ልክክ የሚል ዕቃ አይደለም፤ መዶሻውን ደግኖ የሚይዘውን ብረት እንዳይነቃነቅ የሚያግደው ጫፉ በሞረድ ተስተካክሎ ለዚያች ሽጉጥ ብቻ ነው የሚዘጋጀው፣ ከልክ በላይ ከተሞረደ ደግሞ ሴፍቲው ተቆልፎ እያለ ምላጭ ሲሳብ መዶሻው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ጠጋኝ ባለሙያ ይግጠምልዎ፣ እርስዎ ፊት ባዶውን ይፈትነው። የቀኙ ምላስ ከግራው ጋር የሚያያዘው በቀጭን መገጣጠሚያ ስለሆነ በየጊዜው ላልቶ እንደሆነ ይዩት። በማህደር (በወገብ በሚታጠቁት የሽጉጥ መያዣ) ውስጥ ደግሞ ከሰውነትዎ ውጭ ለውጭ የሚሆነው የግራው ምላስ ነው፤ ነገር እየነካው ሊከፈት ስለሚችል ማህደሩ የሚሸፍነው ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ራንዳል የሚባል የአሜሪካ ፋብሪካ ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ፣ ቀለሁን ሳይቀር ወደ ግራ የሚተፋ 1911 ሠርቶ ነበር። ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው።

«ቀለሁ ወደ ቀኝ ስለሚወጣ ፊቴን አይመታኝም?»

በጠመንጃ ቢሆን ጥያቄሽ ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ፊትሽ ሰደፉ ላይ ነው። ሽጉጥ ግን ክንድ ተዘርግቶ ስለሚተኮስ ቀለሁ ርቆ ነው የሚያልፈው። መነጽርሽን አድርጊ፣ ኮሌታሽን ዝጊ። ግንባርሽን እየመታሽ ከሆነ የእጅ አንጓሽ ልል መሆኑን ፈትሺ፤ እሱ ካልሆነ ሽጉጡ ይታይ።

«ጥይቶቼ ሁሉ ከዒላማው በታች ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ማነጣጠሪያውን ላስተካክል?»

ቆይ፣ አትንካው! ምላጭ ስትስብ ሌሎቹ ጣቶችህም አብረው እየጨመቁ ይመስለኛል። በቀኙ የሚተኩስ ሰው ይህን ስህተት ሲሠራ ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄድበታል፤ እኛ ደግሞ ተቃራኒው ነን። አሰልጣኝህ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ምክሩን ገልብጠህ ውሰድ። ለጥቂት ሳምንት በባዶ ሽጉጥ፣ አፈሙዙን አስተማማኝ አቅጣጫ ይዘህ ምላጩን በዝግታ መሳብ ተለማመድ። ከዚያ በኋላም ካልተስተካከለ ያኔ ማነጣጠሪያውን እናስብበታለን።

«ግራኝ ነኝ፣ የሚያይልኝ ግን ቀኝ ዓይኔ ነው። እጅ ልቀይር?»

አትቀይሪ። መጀመሪያ እርግጠኛ ሁኚ፦ በሁለት መዳፎችሽ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርተሽ በእሷ ውስጥ ሩቅ ያለ ነገር እዪ፣ ከዚያ ዓይኖችሽን በየተራ ጨፍኚ። ነገሩ ከቀዳዳዋ ሳይጠፋ የቀረለት ዓይን ነው ገዢው። ቀኙ ከሆነ ሽጉጡን ትንሽ ወደ ቀኝ አምጥተሽ ፊቱ ማድረግ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው።

«ገና ልገዛ ነው። የቱን ትመክራለህ?»

ከመቀየር ሲፈጠር ለሁለቱም እጅ የተሠራ መግዛት ይሻላል። ሲዜድ 75 የወደደ ሲዜድ 85ን ይይ፤ ሴፍቲውም የስላይድ (የላይኛው ተንሸራታች ብረት) ማቆሚያውም በሁለቱም ጎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ግሎክም የስላይድ ማቆሚያው በሁለቱም ጎን ነው። የኤችኬ ዩኤስፒ የካዝና መልቀቂያ ከምላጭ ከለላው ጋር ያለች ምላስ ስለሆነች ከሁለቱም በኩል ትጫናለች። የማካሮቭ ደግሞ እጀታው ግርጌ ስለሆነ ለሁላችንም እኩል ነው፤ ሴፍቲው ግን ግራ ጎን ብቻ ነው።

«የቀኝ ማህደር በግራ ጎኔ ብታጠቅስ?»

አይሆንም። እጀታው ወደ ፊት ይዞርብሃል፣ ሽጉጡን ስታወጣም አፈሙዙ በራስህና በአጠገብህ ባለ ሰው ላይ ሊያልፍ ይችላል። የግራ ማህደር ግዛ፣ ትርፍ ካዝናዎችህን በቀኝ ጎንህ ታጠቅ፣ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ ፊት ይይ።