ከማደያው ስር ያለው ውሃ፦ ከሐዋሳ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሐዋሳ በነዳጅ ማደያ አጠገብ የሚኖሩ፣ በማደያ የሚሠሩና በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እመልሳለሁ። ሙያዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ጥያቄ (በመናኸሪያ አካባቢ የሚኖሩ እናት)፦ የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ምንም አይሸትም። ጎረቤታችን ግን ማደያ አጠገባችሁ እያለ አትጠጡት ይለናል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ውሃው እስኪመረመር ድረስ ጎረቤትዎን ይስሙ። ከነዳጅ ኬሚካሎች ክፉው ቤንዝን ይባላል፤ ከማደያ በምንቀዳው ቤንዚን ውስጥ በትንሽ መጠን ይገኛል፣ የደም ካንሰርም ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ሰው ቤንዝንን በውሃ ውስጥ በጠረኑ የሚለየው ግን ወደ 10 ሚሊግራም ሲጠጋ ነው፤ የጣሪያው ሺህ እጥፍ ማለት ነው። የሌሎቹ የነዳጁ ክፍሎች ጠረን ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፣ ላያስጠነቅቅም ይችላል። ውሃው ከሸተተ ምርመራ ሳይጠብቁ መጠጣቱን ያቁሙ፤ ካልሸተተ ግን ንጹህ ነው ብለው አይደምድሙ።

ጥያቄ (እኒሁ እናት)፦ ብናፈላው ወይም ውሃ አጋር ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ በውሃ አጋር ውስጥ ያለው ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያስወግድም። ማፍላቱ ደግሞ ኬሚካሉን ከድስቱ አውጥቶ በማድቤቱ አየር ይበትነዋል፤ ያን ጊዜ በመጠጣት ፋንታ ይተነፍሱታል።

ጥያቄ (የማደያ ሠራተኛ)፦ ቦቴ ባራገፈ ቁጥር ጉድለት ይገኛል፤ ከደመወዛችን ይቆረጣል። እኛ ሳንወስድ እንዴት ይጎድላል? ፍሳሽ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስርቆት፣ መኮማተርና ፍሳሽ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲወርድ ከሺህ ሊትር ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ይኮማተራል። ከጅቡቲ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣ 10,000 ሊትር ቤንዚን በመሬት ውስጥ ታንክ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 95 ሊትር ያህል ይጎድላል። ይህን ማንም አልወሰደውም፤ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጡም ከፍርደ ገምድልነት አይለይም።

መኮማተሩ ግን ካራገፋችሁ በኋላ ጥቂት ቀን ታይቶ ይቆማል፤ ፍሳሽ አይቆምም። ማታ ሽያጭ ስትዘጉ በታንኩ ያለውን ነዳጅ በመለኪያ ዘንጉ ለኩ፤ ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊት ድገሙት። ማንም ሳይቀዳ ሌሊት ሌሊቱን እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ታንኩን ጠርጥሩ። በሽያጭ ሰዓት ብቻ የሚጎድል ከሆነ ቧንቧውን፣ መገጣጠሚያውንና የመቅጃ ማሽኑን ልኬት መርምሩ። (እርግጥ ያን ጊዜ ሌባም ከተጠርጣሪነት አይወጣም።)

በሐዋሳ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ወደ ሐይቁ በቀረቡ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ የታንኩ ታችኛው ክፍል ከውሃው ደረጃ በታች ሊውል ይችላል። እንዲህ ሲሆን የተበሳ ታንክ ነዳጅ በማፍሰስ ፋንታ ውሃ ሊያስገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ጉድለት አያሳይም። ስለዚህ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠውን ቅባት በዘንጉ ጫፍ ቀብታችሁ ከታንኩ ታች ያለውን ውሃ መዝግቡ። እኔ ወደ አንድ ማደያ ስሄድ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን መዝገብ ነው።

ጥያቄ (የማደያ ባለቤት)፦ መዝገባችን በሚገባ የተያዘ ነው። የከርሰ ምድሩን ውሃ ለመፈተሽ የክትትል ጉድጓድ ማስቆፈር ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ መዝገብ ትልቁን ፍሳሽ ይይዛል፣ ትንሹ ያመልጠዋል። በአሜሪካ ደንብ ጉድለት አሳሳቢ የሚሆነው በወር ከተላለፈው ነዳጅ 1 ከመቶ ሲደመር 130 ጋሎን፣ ማለትም 492 ሊትር ያህል፣ ሲያልፍ ነው። በወር 200,000 ሊትር ቢሸጡ ወደ 2,500 ሊትር የሚጠጋ ሳይታይ ሊሄድ ይችላል። አሁን ሂሳቡን ይመልከቱ፦ 1 ከመቶ ቤንዝን ያለው አንድ ሊትር ቤንዚን 7 ግራም ያህል ቤንዝን ይይዛል፤ ይህም 700,000 ሊትር ውሃን እስከ ጣሪያው ለማድረስ ይበቃል።

ጥያቄ (እኒሁ ባለቤት)፦ እሺ፣ አንድ ጉድጓድ አይበቃም? የትስ ይቆፈር?

መልስ፦ አይበቃም። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ውሃው ከሚመጣበት፣ ሁለቱ ወደሚሄድበት። በከተማችን አጠቃላይ ፍሰቱ ወደ ሐይቁ ነው፤ ሆኖም በአቅራቢያዎ በሞተር ውሃ የሚስብ ሆቴል ካለ አቅጣጫውን ሊጠመዝዘው ይችላል። ስለዚህ የሦስቱን አፍ ከፍታ በቀያሽ ያስለኩ፤ በግምት የተቆፈረ ጉድጓድ ተቆጣጣሪን ከማስደሰት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ነዳጅ በወጥ ላይ እንዳለ ቅቤ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በክትትል ጉድጓዱ የሚገባው ቧንቧ ቀዳዳ ያለው ክፍል የውሃውን ገጽ ወደ ላይም ወደ ታችም አልፎ መያዝ አለበት፤ ሁሉም ቀዳዳ ከውሃው በታች ከሆነ ተንሳፋፊው ነዳጅ ወደ ጉድጓዱ አይገባም። የጉድጓዱ አፍ በሸክላ አፈርና በሲሚንቶ ይታሸግ፣ ክዳኑም ይቆለፍ፤ አለዚያ ከወለሉ የታጠበው ናፍጣ ራሱ ገብቶ ያበላሸዋል።

ጥያቄ (እኒሁ ባለቤት)፦ አንድ የማውቀው ማደያ ከክረምት በፊት በጉድጓዱ ነዳጅ ነበረው፤ ከዝናቡ በኋላ ጠፋ። ዳነ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውሃው ከፍ ሲል ነዳጁ በአፈሩ ቀዳዳዎች ተይዞ ከውሃው በታች ይቀራል፤ በበጋ ውሃው ሲወርድ ተመልሶ ይታያል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምትና በጋን ጨምሮ፣ ሳይለካ ስለ መዳን አይወራ።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ናሙናውን በሃይላንድ ጠርሙስ ብወስድ ችግር አለው? ለምርመራ ገንዘብ ባይኖረኝስ?

መልስ፦ ፕላስቲክ ነዳጁን ይመጠዋል። 40 ሚሊሊትር የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ የአየር አረፋ ሳይቀር ሞልተሽ፣ በአሲድ ጠብቀሽ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ አቀዝቅዘሽ በ14 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሺ። ገንዘብ ካጠረሽ በውሃው የሟሟውን ኦክስጅን፣ ናይትሬትና ብረት በየጉድጓዱ ለኪ። ነዳጅን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑንና ናይትሬቱን ይጨርሳሉ፣ የሟሟውን ብረት ያበዛሉ። ውሃው ከሚመጣበት በኩል ካለው ጉድጓድ ጋር ስታነጻጽሪው ብክለቱ የት እንዳለ ይጠቁምሻል፤ የቤንዝንን ምርመራ ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ የልጆቻችን ጥርስ መበለዙ ከማደያው ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እሱ ከስምጥ ሸለቆው ድንጋይ የሚመጣው ፍሎራይድ ነው።

ጥያቄ (ተከራይ)፦ ጉድጓዱ የእኔ አይደለም፤ አከራዬም ዝም ብሏል። ማደያውን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልረኩ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። አቤቱታውን በጽሑፍ ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገባበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉ።