ቪትዜን ሸጬ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አያት፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። 20 ዓመት ያለፋት ቪትዝ አለችኝ። ጭሷ ያሳፍረኛል። ሸጬያት፣ ከባንክ ተበድሬ ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «አንተ ስለቀየርክ የከተማው አየር ይለወጣል?» ትለኛለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጭሷ መጨነቅዎ ደስ ብሎኛል። ስለ ኤሌክትሪኩም ልክ ነዎት። የእኛ አገር መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመነጨው። መንግሥትም ከ2016 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል።

ግን ቪትዟ ስትሸጥ የት ትሄዳለች? እኛ ጋ መኪና አይጣልም። ከእርስዎ የገዛት ሰው በነጋታው አስነሥቶ ይነዳታል። ጭሱ ባለቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም። መንገዱ ላይ ደግሞ አንድ መኪና ተጨመረ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ተሰልፌ ነበር። ያካፋል። ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን በነጠላ አዝላ፣ ጎመን የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች። አውቶቡሳችን ከማዶ ይታየናል፤ አይንቀሳቀስም። በዙሪያው ያሉት የቤት መኪኖች ውስጥ አብዛኞቹ ላይ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። አራቱ ኤሌክትሪክ ናቸው። ድምፅ የላቸውም፣ ጭስ የላቸውም፤ አውቶቡሱን ግን እንደሌሎቹ ዘግተውታል። እኛ ጋ ለመድረስ 40 ደቂቃ ፈጀበት። ልጁ እዚያው ጀርባዋ ላይ ተኛ።

አውቶቡስ የራሱ መስመር ከሌለው ይዘገያል። ሲዘገይ አቅም ያለው መኪና ይገዛል። መኪና ሲበዛ አውቶቡሱ ይብስበታል። እርስዎም ቪትዟን የገዙት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ አልፈርድብዎትም።

ደግሞ ቤትዎም ሥራዎም ያለው አንድ የባቡር መስመር ላይ ነው! ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ሜክሲኮ ላይ ያወርድዎታል። የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው። በ2008 ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ነበሯቸው። ከዚያ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆሙ። በእኔ እምነት ለኤሌክትሪክ የቤት መኪና ከሚወጣው ዶላር በፊት ለእነዚህ ባቡሮች መለዋወጫ የሚሆነው መቅደም አለበት።

የሰፈር ነገርም አለ። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ሰዎች አሉ። በእግር ይደርሱበት የነበረው ሥራ አሁን ታክሲ ቀያይረው የሚሄዱበት ሆኗል። ሰው ወደ ዳር ሲወጣ አውቶቡሱ ቀድሞ እዚያ መጠበቅ ነበረበት። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ግን እውነትም ደስ ይላል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ አሁን ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሯ ትሄዳለች።

ታዲያ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ አይበደሩ። ጭሷ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ዘይት እየበላች ነውና መካኒክ ይያት። ከዚያ መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ከአያት፣ ከሲኤምሲና ከጉርድ ሾላ የሚመጡትን ይቁጠሩ። 25 ያህል ሰው ካገኙ፣ አስፈርመው አስተዳደሩን ሰርቪስ ይጠይቁ። እኛ ቢሮ ሰርቪስ የተጀመረው እንዲሁ ነው። ሁለት ወር ተመላልሰናል። አሁን አራት ባልደረቦቼ መኪናቸውን ቤት አቁመው በሰርቪስ ይመጣሉ። ወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። የአውቶቡስ መስመሩን ነገር እሳቸው ያንሱት፤ ጥያቄ ያውቁበታል።

ስንት ሰው እንደፈረመ ይጻፉልኝ።