ከቶተንሃም ሜዳ እስከ ምሽግ፦ ስለ ዋልተር ታል ጠይቁኝ

የድሮ የእንግሊዝ ኳስ ታሪክ ሱሴ ነው፤ ዛሬ ስለ ተጫዋቹና ስለ ወታደሩ ዋልተር ታል የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ 1888 ስል ዐድዋ ትዝ እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ማን ነው?

በ1888 ፎክስቶን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ከባርቤዶስ የመጣ አናጢ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ነበሩ። አሥር ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ሞቱበት። እንጀራ እናቱ ሁሉንም ልጆች ማሳደግ ስላቃታት እሱና ወንድሙ ኤድዋርድ ለንደን፣ ቤዝናል ግሪን ያለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገቡ። ኤድዋርድን አንድ የግላስጎ ቤተሰብ ወሰደው፤ በኋላ የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር እዚያው ቀረ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል እሱ ነው አይደል?

አይደለም። አክራ የተወለደው በረኛ አርተር ዋርተን ይቀድመዋል።

ጥያቄ፦ ስፐርስ (ቶተንሃም) ስንት ከፈለው?

በ1909 ሲፈርም 10 ፓውንድ፣ ደመወዙ በሳምንት 4 ፓውንድ። አትሳቁ፤ ያኔ ከዚያ በላይ መክፈል ክልክል ነበር።

ጥያቄ፦ ጎበዝ ከነበረ ለምን 10 የሊግ ጨዋታ ብቻ?

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ብሪስቶል ላይ ሲጫወቱ የተወሰኑ ደጋፊዎች በቀለሙ እየጠሩ ይሰድቡት ጀመር። ጨዋታውን የዘገበው ጋዜጠኛ የስድቡን ቋንቋ ከቢሊንግስጌትም የወረደ ብሎታል፤ ቢሊንግስጌት በአፈኞቹ የሚታወቅ የለንደን ዓሣ ገበያ ነው። ታል ግን አልመለሰላቸውም፣ ኳሱን ተጫወተ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። ችሎታው በአንድ ጊዜ ጠፋ የሚለኝን አላምነውም፤ ክለቡ ጫጫታውን የሸሸ ይመስለኛል።

በ1911 የኖርዝሃምፕተን ክለብ ወሰደው። የአርሴናል ልጆች፣ ያመጣው አሰልጣኝ በኋላ እናንተን ያሠለጠነው ኸርበርት ቻፕማን ነው! እዚያ ከ100 በላይ ጨዋታ አድርጓል።

ጥያቄ፦ ጦር ሜዳ ተገዶ ነው የሄደው?

በፈቃዱ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረበት ዓመት፣ ታኅሣሥ 1914፣ የግዳጅ ምልመላ ገና ሳይመጣ፣ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ ይባል በነበረው የሚድልሴክስ ክፍለ ጦር 17ኛ ሻለቃ ተመዘገበ። በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ውጊያ ተዋጋ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሰው መኮንን ይሆን ነበር እንዴ?

ደንቡ ንጹሕ የአውሮፓ ዘር ያለውን ነበር የሚፈልገው። ግን ሶም መኮንኖችን አርግፎ ነበር፣ አለቆቹም አዩት። ግንቦት 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። ጣሊያን ውስጥ 26 ሰው ይዞ በሌሊት የሚምዘገዘገውን የፒያቬን ወንዝ ተሻግሮ፣ ጠላት ወረዳ ገብቶ፣ አንድም ሰው ሳይጎድልበት መለሳቸው። ጄኔራል ሎፎርድ ስለ ጀግንነቱና ስለ እርጋታው በጽሑፍ አመሰገኑት። ብሪስቶል ላይ ዝም ያለው ያው እርጋታ ነው።

ጥያቄ፦ ሜዳሊያ አገኘ?

ሚሊታሪ ክሮስ የሚባለው የጀግንነት ሜዳሊያ ይገባዋል የሚል ዘመቻ ለዓመታት ተካሂዷል፤ አልተሰጠውም። ኖርዝሃምፕተን ግን በ1999 ከስታዲየሙ አጠገብ መታሰቢያ አቆመለት።

ጥያቄ፦ መቃብሩ የት ነው?

መቃብር የለውም። መጋቢት 25 ቀን 1918 ሰሜን ፈረንሳይ፣ ፋቭሮይ አጠገብ፣ ጀርመኖች እየገፉ ሲመጡ ተመታ። አብሮት የነበረው የቀድሞ የሌስተር ፎስ በረኛ ቶም ቢሊንግሃም ተሸክሞ ሊያወጣው ሞከረ፤ ተኩሱ ሲበረታበት ትቶት ለማፈግፈግ ተገደደ። ሬሳው አልተገኘም። ስሙ አራስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ባለው የመታሰቢያ ግንብ ላይ ተቀርጿል።