የሞተ የመሰለ ድራይቨር፦ ስለ ስቴፐር ሞተር የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። አሮጌ ቶርኖ ወይም ፍሬዛ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ወደ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ ማሽን፣ ለመቀየር ያገለገለ የስቴፐር ድራይቨር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞረውን ስቴፐር ሞተር የሚነዳ ሳጥን) ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ሞተሩ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ ድራይቨሩ ላይ ይላከካል። ብዙ ጊዜ ግን ድራይቨሩ ደህና ነው። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዲኤም542 ድራይቨር ገዝቼ ከባለ 8 ገመድ ሞተር ጋር አገናኘሁት። ፓወር ስሰጠው ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ አይዞርም። ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ የተቃጠለ አይመስለኝም። እዚያው ባለበት የሚንቀጠቀጥ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ተሳስቶበት ነው፤ ወይ የአንዱ ፌዝ (አብረው የሚሠሩ የሽቦ ጥቅሎች ቡድን) ገመድ ከሌላው ጋር ተቀላቅሏል፣ ወይ አንዱ ጭራሽ አልተያያዘም። መጀመሪያ ፓወሩን አጥፋ። የድራይቨሩ መብራት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረ ኃይል አለና። ከዚያ ሞተሩን ንቀልና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ገመዶቹን ሁለት ሁለት እያደረግክ ለካ። አራት ጥንድ ማግኘት አለብህ፤ እያንዳንዱ ጥንድ የአንድ ጥቅል ሁለት ጫፍ ነው። ቴስተር አጠገብህ ከሌለ ሁለት ገመዶችን አነካክተህ ዘንጉን በእጅህ አዙረው፤ ከቅድሙ ይልቅ ከከበደህ ጥንድ ናቸው።

ጥንዱን ማግኘት ግን ገና ግማሹ ሥራ ነው። በባለ 8 ገመድ ሞተር ሁለት ጥንድ አንድ ፌዝ ይሆናል፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድና የእያንዳንዱ መነሻ የቱ እንደሆነ የሚነግርህ የሞተሩ ስዕል ነው፤ የሞዴል ቁጥሩን ከጎኑ አንብበህ ፈልገው። ሁለቱን ጥቅሎች በተቃራኒ ካገናኘሃቸው አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋል፣ ድራይቨሩም ሾርት የገጠመው መስሎት ሊዘጋ ይችላል።

አሁንም ካልዞረ ወደ ድራይቨሩ ሂድ። ሁሉም ገመድ ተነቅሎ፣ ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርገህ ከአራቱ የሞተር መውጫዎች ወደ ፓወሩ ፕላስና ማይነስ ለካ። አራቱም ተመሳሳይ ንባብ መስጠት አለባቸው። አንዱ ዜሮ ካሳየህ ውስጡ ያለው ሞስፌት (ከረንቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር) ሾርት ሆኗል፤ ያኔ በእርግጥም ተቃጥሏል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ዘንጉን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ግን ትእዛዝ ስልክለት ንቅንቅ አይልም። ትእዛዝ የሚልከው ቦርዴ 3.3 ቮልት ነው።

መልስ፦ መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ዘንጉን ከያዘ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ይሠራል ማለት ነው፤ ያልደረሰው ሲግናሉ ነው። እነዚህ ድራይቨሮች መግቢያቸው ላይ ኦፕቶካፕለር (ሲግናሉን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) አላቸው፣ የሚፈልጉትም ወደ 5 ቮልት ነው። በመሀል ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርግ ቦርድ አስገቢ። ሲግናሉ 24 ቮልት ከሆነ ደግሞ፣ ዲኤም542 ዓይነቶቹ ላይ በተከታታይ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይጨመራል፤ ያለሱ ኦፕቶካፕለሩ ይቃጠላል። ኢኔብል (ድራይቨሩን የሚያነቃና የሚያጠፋ) የሚለውን መግቢያ ለሙከራ ባዶውን ተይው።

ጥያቄ፦ ለ30 ዓመት ቶርኖ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ማሽኑን ቀይሬው በዝግታ ጥሩ ይሄዳል፣ ፍጥነት ስጨምር ግን ሞተሩ ያፏጭና ቀጥ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ 24 ቮልት ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቮልቴጁ አንሶዎታል። ስቴፐር በፈጠነ ቁጥር ከረንቱ ወደ ጥቅሉ ለመግባት ጊዜ ያጥረዋል፣ የሚገፋው ደግሞ ቮልቴጅ ነው። በሙያው የተለመደ ስሌት አለ፦ የሞተሩን ኢንዳክታንስ (ጥቅሉ የከረንት ለውጥን የሚቃወምበትን መጠን) በሚሊሄንሪ ወስደው ካሬ ሥሩን በ32 ያባዙ። 2.25 ሚሊሄንሪ ከሆነ 48 ቮልት ይመጣል። ድራይቨርዎ ጣሪያው 50 ቮልት ከሆነ ግን 48 አይስጡት፣ 36 ይበቃዋል። የማሽኑ ከባድ ጋሪ በድንገት ሲቆም ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይልካል፣ ለዚያ ክፍተት ያስፈልጋል። ማፍጠኛውንም ትንሽ ለዘብ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሞተሩ እጅ ያቃጥላል። ልፍራ?

መልስ፦ ስቴፐር ቆሞም ከረንት ስለሚወስድ ይሞቃል፣ ብዙዎቹ ላያቸው እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈቀድላቸዋል። ግን ድራይቨሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች እይ። ድራይቨሩ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ጫፍ ከረንት ነው፤ ዲኤም542 ላይ 4.2 አምፒር ሲል አርኤምኤሱ (ውጤታማው ከረንት) 3 ነው። አራተኛዋ ማብሪያ ሞተሩ ሲቆም ከረንቱን በግማሽ ትቀንሳለች፤ ያገለገለ ድራይቨር ላይ የቀድሞው ባለቤት እንዴት እንደተዋት አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ የጃፓን ማሽን የወጣ ባለ 5 ፌዝ ሞተር በርካሽ አገኘሁ። ድራይቨሩ ግን የለም።

መልስ፦ ተወው። አንድ ስቴፑ 0.72 ዲግሪ ነው፣ የተለመደው ባለ 2 ፌዝ 1.8 ነው። ባለ 2 ፌዝ ድራይቨር አያንቀሳቅሰውም። ከነድራይቨሩ ካገኘኸው ግን ግሩም ሞተር ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ድራይቨር ስገዛ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ቴስተር ይዘህ ሂድና ከላይ ያልኩትን የዳዮድ ልኬት እዚያው ለካ፣ ምንም ፓወር አይፈልግም። ከተከፈተ ካፓሲተሮቹ አናታቸው ያበጠ እንዳይሆን እይ። ሻጩ አብርቶ ካሳየህም፣ ፓወር እንዳለ የሞተሩን ሶኬት እንዳይነቅል ለምነው። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ከረንት በድንገት ሲቋረጥ የሚፈጥረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደህናውን ድራይቨር እዚያው ፊትህ ሊገድለው ይችላል።